ፖንቾን ልብስም ጣሪያም አድርጎ በሃሞክ ማደር

በዲሲ አካባቢ ለምንኖር ሐበሾች በቨርጂኒያ ተራሮች ላይ ያለው የሼናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ እንግዳ አገር አይደለም። ጥቅምት ላይ ቅጠሉ ሲቀላ፣ ስካይላይን ድራይቭ በሚባለው የ169 ኪሎ ሜትር መንገድ ዳር አማርኛ እሰማለሁ። አብዛኛው ሰው ፎቶ ተነስቶ በዚያው ቀን ይመለሳል። እኔ የምወደው ግን ማደሩን ነው። ያውም መሬት ላይ ሳይሆን በሁለት ዛፍ መካከል ሃሞክ የሚባለውን ተንጠልጣይ የጨርቅ አልጋ አስሮ።

ሃሞክ ጣሪያ የለውም። ዝናብ ከመጣ ከላይ ሸራ ያስፈልጋል። ለእግር መንገዱ ደግሞ የዝናብ ልብስ ያስፈልጋል። ለአንድ ሌሊት ሁለቱንም መሸከም አልፈለግኩም። ስለዚህ አንድ ፖንቾ፣ ማለትም መሃሉ ላይ ቆብ ያለው በራስ የሚጠለቅ ሰፊ የዝናብ ልብስ፣ ለሁለቱም እንዲሆን ወሰንኩ። ሐሳቡ ለእኛ አዲስ አይደለም። በደጋው አገር እረኛ ገሳውን ደርቦ ከብት ይነዳል፤ ዶፉ ሲመጣ እዚያው ከሥሩ ኩርምት ይላል። ልብሱም ቤቱም እሱ ነው።

ስታዲየም በር ላይ የሚሸጠው ስስ የላስቲክ ፖንቾ ለዚህ አይሆንም። አራቱም ጥግ ላይ ጠንካራ የገመድ ቀዳዳ ያለው መሆን አለበት። የእኔ ሲሊኮን የተቀባ ናይለን ነው። ክብደቱ 300 ግራም ገደማ፣ ስፋቱ 1.5 በ2.6 ሜትር ነው። ሃሞኬ ደግሞ ርዝመቱ 2.7 ሜትር ነው። እዚህ ላይ ሒሳቡ አስፈላጊ ነው። ፖንቾውን ቀጥ አድርጌ ብዘረጋው የሃሞኩ ጫፎች ዝናብ ላይ ይቀራሉ። ከጥግ ጥግ በሰያፍ ሲለካ ግን 3 ሜትር ይሆናል። በራስጌም በግርጌም አንድ ስንዝር የማይሞላ ትርፍ ይገኛል። ትንሽ ቢመስልም ይበቃል።

እናም ከዛፍ ወደ ዛፍ ሲባጎ እወጥራለሁ። የፖንቾውን ሁለት ተቃራኒ ጥጎች ሲባጎው ላይ አስሬ፣ የቀሩትን ሁለቱን በካስማ ወደ መሬት እስባቸዋለሁ። እነዚህ ሁለቱ ፊት ለፊት ተያይተው አይወድቁም። አንዱ ወደ ራስጌ ያደላል፤ ሌላው በተቃራኒው ጎን ወደ ግርጌ ያደላል። መጀመሪያ ሳየው ጉድለት መስሎኝ ነበር። ለካ ትልቁ ጥቅሙ እሱ ነው። ሃሞክ ላይ የለመደ ሰው ቀጥ ብሎ አይተኛም። ጭንቅላቱን ወደ አንዱ ጎን፣ እግሩን ወደ ሌላው ጎን አድርጎ በሰያፍ ሲተኛ ነው ጀርባው የሚቃናው። የፖንቾው ሰፊ ቦታ በትክክል ከጭንቅላትና ከእግር በላይ እንዲውል ማድረግ ይቻላል። አቅጣጫው ካልገጠመ ሌላኛውን ሰያፍ መያዝ ነው፤ ሁሉም ይገለበጣል። ይህን በጠራ ቀን መናፈሻ ውስጥ ሞክሬ ለየሁት። ከዚያ ሲባጎው ላይ የሚታሰሩትን ሁለት ጥጎች በቀይ ክር ምልክት አደረግኩባቸው። በጨለማ ማሰብ አያስፈልገኝም።

ቆቡ የሁሉም ሰው ስጋት ነው። መሃል ላይ ያለ ቀዳዳ ስለሆነ ትክክለኛ ስጋት ነው። ፖንቾው በሰያፍ ሲዘረጋ ግን ቆቡ ከሲባጎው በላይ፣ በጣሪያው ጫፍ ላይ ይውላል። ውሃ ከዚያ ወደ ሁለቱም ጎን ይወርዳል እንጂ አይጠራቀምም። ቆቡን ጠምዝዤ አፉን በክር አጥብቄ አስራለሁ። ከዚያ ወደ ታች አጥፌ እንደገና አስረዋለሁ። በስፌቱ ዙሪያም የሲሊኮን ማሸጊያ ቀብቼዋለሁ። አንዳንዶች ፖንቾውን በአንድ በኩል ብቻ ከፍ አድርገው እንደ ተዳፋት ይዘረጉታል። አልመክርም። ያን ጊዜ ቆቡ ውሃው በሚወርድበት መሃል ላይ ይሆናል።

ከሁሉም በላይ የተማርኩት ግን ቅደም ተከተሉን ነው። አንድ ዕቃ ለሁለት ሥራ ሲውል፣ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሻገርበት ደቂቃ አለ። በዝናብ ውስጥ የሚያረጥበው ያ ደቂቃ ነው። ሼናንዶዋ ጫካ ውስጥ ደግሞ እሳት ማንደድ ክልክል ነው። የረጠበ ልብስ ረጥቦ ያድራል። ስለዚህ ፖንቾውን እንደለበስኩ፣ ቦርሳዬም ከሥሩ እንዳለ፣ ሌላውን ሁሉ እጨርሳለሁ። የዛፉን ማሰሪያ አስራለሁ፤ ሃሞኩን ከነከረጢቱ እሰቅላለሁ፤ ሲባጎውን እወጥራለሁ፤ ካስማዎቹን እተክላለሁ። ፖንቾውን የማወልቀው መጨረሻ ላይ ነው። ሲባጎው ላይ ሁለት ትንንሽ መንጠቆዎች ይጠብቁታል። ሁለት ጊዜ ቀጭ ማለት ብቻ ነው። ሃሞኩ ከከረጢቱ የሚወጣው ከዚያ በኋላ ነው። ጠዋትም እንዲሁ በተቃራኒው፦ ሁሉም ዕቃ ከሥሩ ሆኖ ይታሸጋል፣ ፖንቾው መጨረሻ ወርዶ ይለበሳል።

ሌሊት ሽንት ሲመጣስ? ጣሪያውን ነቅሎ መልበስ አይታሰብም። ለዚህ ስትታጠፍ ከጡጫ የማትበልጥ ስስ የዝናብ ጃኬት እይዛለሁ። ፖንቾውን በማወልቅበት ደቂቃም የምታድነኝ እሷ ናት።

ናይለን ሲረጥብ ይለጠጣል። ማታ ውጥር ያለው ጣሪያ እኩለ ሌሊት ላይ ረግቦ ፊት ሊነካ ይችላል። በካስማዎቹ ሲባጎ መካከል አጭር ላስቲክ ጨምሬበታለሁ። ላስቲኩ የረገበውን ራሱ ይስበዋል። ውሃ በዛፉ ማሰሪያ ላይ እየተንሸራተተ ወደ ሃሞኩ እንዳይገባም፣ ከጣሪያው ሥር ማሰሪያው ላይ የጫማ ክር ቁራጭ አንጠለጥላለሁ። ውሃው እዚያ ሲደርስ ክሩን ይዞ ወደ መሬት ይንጠባጠባል። ብርድ ደግሞ የሚመጣው ከሥር ነው። ስሊፒንግ ባግ (የመኝታ ከረጢት) በሰውነት ሲጨፈለቅ ሙቀት አይይዝም፤ ስለዚህ ስፖንጅ ፍራሽ አነጥፋለሁ።

ዛፍ ከመምረጣችሁ በፊት ቀና በሉና እዩ። በሼናንዶዋ አሽ የሚባሉት ዛፎች ከእስያ በመጣች አረንጓዴ ጥንዚዛ ምክንያት በብዛት ደርቀዋል። ተባዩዋ አሜሪካ ውስጥ መጀመሪያ የተገኘችው በ2002 ሚሺጋን ውስጥ ነው። የደረቀ ቅርንጫፍ ነፋስ አይፈልግም፤ ዝናብ ሲያከብደው ይወድቃል። ከበላዩ ደረቅ ቅርንጫፍ ያለበት ቦታ ምንም ቢያምር አላድርበትም። ማሰሪያውም ጠፍጣፋና ሰፊ ይሁን፤ ቀጭን ገመድ ልጡን ይበላዋል።

ይህ ዘዴ ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት ላለው ዝናብ በደንብ ይሠራል። ከጎን ለሚገርፍ ዝናብ ግን ጠባብ ነው። ጣሪያው ወደ እያንዳንዱ ጎን የሚወርደው ቢበዛ 1.3 ሜትር ብቻ ነው። ተራራው ላይ ደግሞ ከሸለቆው በ5 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ይቀዘቅዛል። ኃይለኛ ነፋስ ከተተነበየ ወይም ኅዳር ከገባ፣ ሙሉውን ሸራ ያለ ክርክር እሸከማለሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሞክሩ ከሆነ መኪናችሁ አጠገባችሁ በሆነበት፣ ሃሞክ ማሰር በሚፈቀድበት የካምፕ ቦታ ጀምሩ። ዝናብ የተተነበየበትን ቀን ምረጡ፤ ቆቡን በትክክል ማሰራችሁን ሌላ የሚነግራችሁ ነገር የለም።