ኳርትዙንና ሳተላይቱን እንዴት እንዳስታረቅኳቸው

አዲስ አበባ ቤቴ ውስጥ በጂፒኤስ የሚታረም የ10 ሜጋኸርዝ ኦሲሌተር፣ ማለትም በሰከንድ 10 ሚሊዮን ጊዜ የሚመታ የኤሌክትሮኒክስ ሰዓት ልብ ሰርቻለሁ፣ እንዴት እንደሆነ የሚጠይቁኝ ስላሉ ልጻፈው። ዕቃው ብዙ አይደለም፤ ከአሮጌ የቴሌኮም መሳሪያ የተነቀለ ኦሲኤክስኦ፣ ማለትም የኳርትዝ ክሪስታሉ ማሞቂያ ውስጥ 80 ዲግሪ አካባቢ ተይዞ የሚኖር ኦሲሌተር፣ በየሰከንዱ አንድ ፐልስ (የኤሌክትሪክ ምት) የሚያወጣ የጂፒኤስ ሞጁል፣ ሶፍትዌሩን የሚያስኬድ ማይክሮኮንትሮለርና ባለ 16 ቢት ዳክ፣ ማለትም የሶፍትዌሩን ቁጥር ኦሲሌተሩን ወደሚያስተካክል ቮልቴጅ የሚቀይር ቺፕ። በቃ።

ጣጣው ማንን መቼ ማመን እንዳለብን ነው። ሳተላይቶቹ አቶሚክ ሰዓት ስለተሸከሙ ሁሌ እነሱን መከተል ነው ይባላል፣ ግን እኛ ጋ ሲደርስ የርካሽ ሞጁል ፐልስ 30 ናኖሰከንድ (የሰከንድ ቢሊዮንኛ) ያህል ወዲህ ወዲያ ይላል፣ በአንድ ሰከንድ ሲለካ ከ1 ቢሊዮን 30 መሆኑ ነው፣ ደህና ኦሲኤክስኦ ደግሞ በዛችው ሰከንድ ከ100 ቢሊዮን 1 እንኳ ላይዛነፍ ይችላል። ቀኑን ሙሉ ከታየ ተገላቢጦሽ ነው፤ ኳርትዙ ያረጃል፣ በሙቀት ይንሸራተታል፣ ሳተላይቱ ግን ንቅንቅ የለም። ሶፍትዌሩ እንግዲህ ሽማግሌ ነው፣ ቸኩሎ ከፈረደ የጂፒኤሱን መንቀጥቀጥ ኳርትዙ ላይ ይጭንበታል። የኔ የረጋው የማረሚያውን ጊዜ ወደ 1000 ሰከንድ ሳስረዝመው ነው፣ እዛ ላይ ያ 30 ናኖሰከንድ ከ100 ቢሊዮን 3 ብቻ ይሆናላ።

ማንም የማያወራው ቮልቴጁን ነው። የኔ ኦሲሌተር በ5 ቮልት ስፋት ከሚሊዮን 1 ያህል ይስተካከላል፣ ስለዚህ ማስተካከያው 1 ሚሊቮልት ብቻ ፈቀቅ ካለ ፍሪኩዌንሲው ከ10 ቢሊዮን 2 ሄደ ማለት ነው! ውድ ኦሲሌተር ገዝቶ ዳኩን በዩኤስቢ ቮልቴጅ ማስነሳት ትርፉ ድካም ነው፤ ጥሩ ቮልቴጅ ሪፈረንስ፣ ማለትም የማይዋዥቅ ቮልቴጅ የሚሰጥ ቺፕ ግዙ፣ እሱንም ከኦሲሌተሩ ጋር ነፋስ የማይገባው ሳጥን ውስጥ አስገቡት።

መብራት ሲሄድስ? ኦሲኤክስኦ ጠፍቶ ሲበራ ድሮ የነበረበት ፍሪኩዌንሲ ላይ ቁጭ አይልም፣ እስኪረጋ ሰዓታት አንዳንዴም ቀናት ይፈጅበታል፣ ስለዚህ ባትሪ ለኛ ሀገር ቅንጦት አይደለም። እኔ ኦሲሌተሩን ብቻ ሳይሆን የጂፒኤስ ሞጁሉንም ባትሪው ላይ ነው ያንጠለጠልኩት።

የቀረኝ አዮኖስፌሩ ነው፣ የሳተላይቱ ሲግናል የሚያልፍበት በኤሌክትሪክ የተሞላ የላይኛው የአየር ክፍል። ኢትዮጵያ የመሬት መግነጢሳዊ ወገብ አጠገብ ስላለች ከቀትር በኋላ ሲግናሉ እላይ በደንብ ይዘገያል፣ ባለ አንድ ፍሪኩዌንሲ ሞጁል በሞዴል የሚያርመው ደግሞ ግማሹን ያህል ነው፣ ያን ሶፍትዌር አይፈታውም፣ ቀጣዩ ግዢዬ መዘግየቱን ራሱ ለክቶ የሚያርም ባለ ሁለት ፍሪኩዌንሲ ሪሲቨር (ተቀባይ) ነው።