ትሪፖሊ ላይ ቢሆን ኖሮ

ትናንት ማታ ሱቁን ዘግቼ የቀኑን ሽያጭ ስቆጥር ስልኬ ጮኸ። ጓደኛዬ ነው፣ ከጀርመን። ስለ ጤና፣ ስለ ልጆች፣ ስለ ከተማችን ሆሳዕና ከተጨዋወትን በኋላ እንደ ልማዱ ወደዚያ ነገር ተመለሰ። «የ2013ቱ የአፍሪካ ዋንጫ ሊቢያ ላይ ቢሆን ኖሮ ስታዲየም የምገባው እኔ ነበርኩ። አንተ ደግሞ በስልክ ስንት ለስንት እያልክ ትጠይቀኝ ነበር» አለኝ። እኔም እንደ ልማዴ ተከራከርኩት። ስልኩን ከዘጋን በኋላ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

ከቤት የወጣነው በአንድ ዓመት ነው። እኔ በሞያሌ በኩል ወደ ደቡብ አፍሪካ፣ እሱ በመተማ በኩል ወደ ሱዳን። ለምን እንደተለያየን ሰው ሲጠይቀኝ የማውቀው መልስ አንድ ብቻ ነው፤ የእኔ ደላላና የእሱ ደላላ ይለያያሉ።

ውድድሩ መጀመሪያ የተሰጠው ለሊቢያ ነበር (የዋንጫዎቹን ዓመት በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠራው)። በ2003 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲነሳ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ሁለቱን አገሮች አቀያየራቸው። ደቡብ አፍሪካ የ2013ቱን ወሰደች፣ ሊቢያ በምትኩ የ2017ቱን። ደቡብ አፍሪካ የዓለም ዋንጫው ስታዲየሞች ስላሏት ብዙ አልተቸገረችም። የሌላውን ድግስ ስትረከብም የመጀመሪያዋ አልነበረም፤ የ1996ቱን ከኬንያ ተቀብላ ዋንጫውን ራሷ በልታዋለች፣ ማንዴላም የቡድኑን ማልያ ለብሰው ነበር። እኛ አገር ያለን ሰዎች ያኔ ለውጡን ከቁም ነገር አልቆጠርነውም። ኢትዮጵያ ታልፋለች ብሎ ማን አስቦ?

አለፈች። ቤኒንን በሜዳዋ 0 ለ 0፣ እዚያ ሄዳ 1 ለ 1፣ ከሜዳ ውጭ ባገባችው ጎል። ቀጥሎ ሱዳን መጣች። በጳጉሜ 2004 ዓ.ም. እዚያው ሱዳን 5 ለ 3 ተሸነፍን፤ ጓደኛዬ ያኔ ካርቱም ነበር። ሁሉም ሰው አምስቱን ሲቆጥር እሱ ሦስቱን እየቆጠረ ደወለልኝ። «ሦስት አግብተናል፣ አዲስ አበባ ላይ ሁለት ለባዶ ይበቃናል» አለኝ። በጥቅምት አዲስ አበባ ላይ የሆነውም ልክ 2 ለ 0 ነው፣ አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰኢድ። ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመለስን። የመጨረሻው የ1982ቱ ነበር፤ እሱም ሊቢያ ላይ። ቤንጋዚ ላይ ከናይጄሪያ፣ ከዛምቢያና ከአልጄሪያ ጋር ተጫውተን አንድም ጎል ሳናገባ ተመለስን። አባቴ ቤንጋዚ የሚለውን ስም ሲጠራ ፊቱ ይጨልም ነበር። ስለዚህ ጓደኛዬ «ሊቢያ ቢሆን ኖሮ ያንን እንበቀል ነበር» ሲል ስሜቱ ይገባኛል። ምድባችን ውስጥ ናይጄሪያና ዛምቢያ ድጋሚ መጡ እኮ!

እሱ ካርቱም ብዙ አልቆየም። ኅዳር ላይ ሰሃራን አቋርጦ ትሪፖሊ ገባ።

ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም.፣ የቃና ዘገሊላ ማግስት፣ ሰኞ ነው። ሱቄን ዘጋሁ። ሎኬሽን፣ ማለትም የጥቁሮች ሰፈር፣ ውስጥ ሱቅ ያለው ሰው ሰኞ መዝጋት ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ጆሃንስበርግ ያለው የሐበሾች ሰፈር ጄፒ ተገናኝተን በተከራየነው ሚኒባስ ከዛምቢያ ጋር ወደምንጫወትበት ከተማ ወደ ኔልስፕሩት ወረድን። መንገዱ ሁሉ አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ነው፤ ነዳጅ ማደያው ላይ የማላውቃቸው ሰዎች እያቀፉኝ «እንኳን አደረሳችሁ» ይሉኛል። ምሰሶዎቹ ቀጭኔ የሚመስሉት ስታዲየም ደርሰን ወደ ውስጥ ስንገባ ቆሜ ቀረሁ። አብዛኛው ሰው የእኛ ነው። እዚህ አገር አንገቴን ደፍቼ ነው የምሄደው፤ ያን ቀን አማርኛ ጮክ ብዬ ተናገርኩ።

ሳላዲን ፍጹም ቅጣት ምት ሳተ። በረኛችን ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጣ። ከእኛ በኩል ቩቩዜላ ወደ ሜዳ ተወረወረና ጨዋታው ቆመ፤ ስለዚያ ዛሬም አፍራለሁ፣ የተመኘነውን ቀን በገዛ እጃችን ልናበላሸው ነበር። ከዕረፍት በፊት ዛምቢያ አገባች። የአምናው ሻምፒዮን ከፊታችን፣ እኛ አሥር ሰው። ከዕረፍት በኋላ አዳነ አገባ። ከ1976ቱ የአዲስ አበባ ውድድር ወዲህ በአፍሪካ ዋንጫ ያየነው የመጀመሪያ ጎል ነው። አጠገቤ የነበረው ሽማግሌ ጋቢያቸውን በራሴ ላይ ጣሉብኝና አብረን አለቀስን።

በኋላ በቡርኪናፋሶ 4 ለ 0፣ በናይጄሪያ 2 ለ 0 ተሸነፍን። ይሁን።

የጓደኛዬ ክርክር እንዲህ ነው፤ ጦርነቱ ባይመጣ ሊቢያ ስታዲየም ትሠራ ነበር፣ እሱም እዚያ ብሎኬት ተሸክሞ ገንዘብ ይይዝ፣ ቲኬት ይገዛ ነበር። እኔ ግን አይታየኝም። ወረቀት የሌለው ሐበሻ ትሪፖሊ ላይ ባንዲራ ለብሶ በፖሊስ መሃል አልፎ ስታዲየም ሲገባ ማሰብ ያቅተኛል። ዋልያዎቹ ሊጫወቱ ይችሉ ነበር፤ ያ ሁሉ ሕዝብ ግን አይኖርም። ለእኔ የውድድሩ ቦታ መቀየር የለወጠው ይህንን ነው። ደቡብ አፍሪካ ቢያንስ የጥገኝነት ወረቀት ሰጥታን ነበርና ወረቀታችንን ኪሳችን ከተን ወጣን።

ይህን ስል አገሩን እያሞገስኩ አይደለም። ሊቢያ የ2017ቱንም በጦርነት ምክንያት አጣች፤ በመጋቢት 2007 ዓ.ም. መጨረሻ ለጋቦን ተሰጠ። ጥቂት ቀናት ሳይቆይ ወንድሞቻችን ሊቢያ ውስጥ የታረዱበትን ምስል አየን። በዚያው ሰሞን ደግሞ ደርባን ላይ የሐበሻ ሱቅ ሲቃጠል እኔ የራሴን በር ከውስጥ ቆልፌ ነበር። ጓደኛዬ ያኔ ባሕሩን ተሻግሮ ነበር፣ ስሙን ከሟቾቹ ጋር አልሰማሁም፤ ለዚህ እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ።

ትናንት በስልክ ያልነገርኩት ነገር አለ። ጨዋታው እንዳለቀ ከስታዲየሙ ውጭ ቆሜ ትሪፖሊ ደወልኩለት። መብራት ጠፍቶባቸው ሳያዩ ቀርተዋል። «ስንት ለስንት?» አለኝ በሹክሹክታ። አንድ ለአንድ፣ በአሥር ሰው፣ አዳነ አገባ አልኩት። ጎሉን ሦስት ጊዜ አስደገመኝ። ከዚያ ስልኩን ዝቅ አድርጎ አብረውት ለተደበቁት ሲነግራቸው እሰማለሁ። ሲያጨበጭቡም ሰማሁ፤ ቀስ ብለው፣ ውጭ እንዳይሰማ።