ሸክላው ለምን ይጎተታል?

የሙዚቃ ሸክላ የምትሰበስቡ ወዳጆቼ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? የዛሬው ስለ ፍጥነት ነው። አሜሪካ ያለ ዘመድ ማጫወቻ ሊልክላችሁ ካሰበ ይህን ቀድማችሁ አንብቡት።

የኔዋን ያመጣልኝ አጎቴ ነው። በ110 ቮልት ስለምትሠራ እዚሁ ጎንደር ፒያሳ ትራንስፎርመር ገዛሁላት። ሞተሩ ተነሳ፣ ሸክላውም ዞረ። ድምፁ ግን ወፍራም ሆነ። ሳክስፎኑ እንቅልፍ እንደተጫነው ሰው ይጎተታል። የአዝማሪዎቹ መንደር ቡርባክስ ያደገ፣ ማሲንቆ የሚጫወት ጎረቤት አለኝ። አብሮ ሊጫወት ብሎ ክሩን እያላላ ሄደና ተወው። «ዘፋኟ እዚህ ድረስ ወርዳ አትዘፍንም» አለኝ። ልክ ነበር።

ችግሩ ቮልቱ አይደለም። የአሜሪካ መብራት 60 ኸርዝ ነው፣ ማለትም ኮረንቲው በሰከንድ 60 ጊዜ ይመላለሳል፤ የኛ 50። የብዙ ድሮ ማጫወቻዎች ሞተር ፍጥነቱን የሚወስደው ከዚህ ነው። ትራንስፎርመር ቮልት ያወርዳል እንጂ ኸርዙን አይነካውም። ስለዚህ በደቂቃ 45 ጊዜ መዞር ያለበት ሸክላ 37.5 ላይ ይቀራል። ድምፁም በሦስት የግማሽ ድምፅ ደረጃዎች ያህል ዝቅ ይላል። ለቅኝት ጆሮ ላለው ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

በተለይ 45 ለኛ ዋናው ፍጥነት ነው። የአሜሪካው ሸክላ አሳታሚ ኮሎምቢያ እ.ኤ.አ. በ1948 በ33⅓ የሚዞረውን ረጅም ሸክላ ሲያወጣ፣ ተወዳዳሪው አርሲኤ ቪክተር በዓመቱ ትንሹን ባለ 45 አመጣ። የኛ ወርቃማ ዘመን ዘፈኖች በአብዛኛው የወጡት በዚህች መሃሏ ሰፊ ቀዳዳ ባላት ትንሽ ሸክላ ነው፤ በአንድ ገጽ አንድ ዘፈን። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ ሪከርድስን ሲጀምር ሸክላ የማሳተም መብቱ የሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ነበር። እሱ ግን ደፍሮ ቀረጸና ሸክላውን ውጭ አገር አሳተመ። በዚያ ድፍረት የተረፈልንን ድምፅ አጓድሎ መስማት አይገባም ባይ ነኝ።

ወደ መፍትሔው ልምጣ። መጀመሪያ መለኪያ ያስፈልጋል። ክብ ወረቀት ላይ ከመሃል ወደ ዳር የሚሄዱ፣ እኩል የተራራቁ 180 መስመሮች አትማችሁ ሸክላው ላይ አድርጉት፤ ይህ ለ33⅓ ነው። ለ45 ደግሞ 133 መስመር ይበቃል። ያረጀ ፍሎረሰንት አብሩበት። በ50 ኸርዝ መብራቱ በሰከንድ 100 ጊዜ ብልጭ ስለሚል፣ ፍጥነቱ ልክ ከሆነ መስመሮቹ የቆሙ ይመስላሉ። ወደ ኋላ ከሄዱ ሸክላው ዘግይቷል፣ ወደ ፊት ከሄዱ ፈጥኗል። አብዛኛው የዘመኑ ኤልኢዲ አምፖል ለዚህ አይሆንም። የኔዎቹ መስመሮች ወደ ኋላ ይሮጡ ነበር።

ከዚያ ቺንጋውን የሚያዞረውን ትንሽ የነሐስ ፑሊ ይዤ ቶርኖ ቤት ሄድኩ። ስሌቱ ቀላል ነው፤ 60 ለ50 ሲካፈል 1.2 ስለሚሆን የፑሊው ውፍረት በዚያው ልክ ይጨምራል። ልጁ ሆን ብሎ ጥቂት አስተርፎ አዲስ ቆረጠልኝ። ቤት ገብቼ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት እየፈገፈግሁ፣ መልሼ እየገጠምኩ፣ መስመሮቹን አየሁ። ወደ ፊት መሄዳቸው እየቀነሰ እየቀነሰ ቆሙ። ጎረቤቴን ጠራሁት። ክሩን አጥብቆ ቃኘና አብሯት ዘለቀ።

ሞተሩ በዲሲ፣ ማለትም እንደ ባትሪ በማይመላለስ ኮረንቲ፣ የሚሠራ ማጫወቻ ካላችሁ ይህ ሁሉ ጣጣ የለባችሁም። ብዙውን ጊዜ የፍጥነት ማስተካከያ ብሎን አለው፤ በትንሽ ካቻቪቴ ይስተካከላል።

የቀረኝ በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞሩት የድሮ ሸክላዎች ናቸው። እነዚያ በአብዛኛው ቪኒል ሳይሆኑ ሼላክ ከሚባል ሙጫ የተሠሩ ናቸው። ቦያቸው ሰፊ ስለሆነ የራሳቸው ወፍራም መርፌ ይፈልጋሉ። አልኮል እንዳታስነኳቸው፣ ሼላክን ያሟሟዋል። ወፍራሙን መርፌ አገር ውስጥ ያገኘ ካለ የት እንደሆነ ይንገረኝ።