ዛሬ ለመጻፍ ያሰብኩት ሌላ ነበር

ከጠዋት ጀምሮ ቅር ቅር እያለኝ ነው። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ማንም ክፉ አልተናገረኝም። የጠፋብኝ ነገር የለም። ቡናው ራሱ ደህና ነበር። ሰማዩ ብቻ ጠቁሮ ቀርቷል፤ ዘንቦ አይገላገልም።

እንዲህ ባለ ቀን እጄ ቀድሞኝ ስልክ ያነሳል። ፌስቡክ ከፈትኩና አንድ መስመር ጻፍኩ። "ዛሬ ዝም ብሎ ከፍቶኛል።" ከመልቀቄ በፊት ማን እንደሚያየው አሰብኩ። እትዬ ያዩታል። ማታ ደውለው "ምነው ልጄ፣ አመመሽ እንዴ? ጠበል እንሂድ?" ይሉኛል። የመሥሪያ ቤቱ ሰውዬ ያየዋል፤ ሰኞ ጠዋት አንገቱን ዘመም አድርጎ "ሁሉ ሰላም ነው?" ይላል። የድሮ ጎረቤታችን ልጅ አለ፤ እሱ ማንም ምን ይጻፍ "አይዞን" ነው መልሱ። የልደት ፎቶ ሥር ሳይቀር "አይዞን" ብሎ ያውቃል። ያኛውም አለ። ማንን እንደምል ታውቃላችሁ። እሱ ምንም አይጽፍም፤ ግን አይቶ ስለ እሱ የጻፍኩ ይመስለዋል።

ፌስቡክ የሰርግ ድንኳን ነው። በሕይወቴ ያወቅኳቸው ሰዎች በሙሉ አንድ ሸራ ሥር ተቀምጠዋል፤ ማይኩ እኔ እጅ ላይ ነው። ሰርግ ላይ ማይክ ይዞ "ከፍቶኛል" የሚል ሰው አይቼ አላውቅም። መስመሩን አጠፋሁትና ወደዚህ ወደ ብሎጌ መጣሁ። እዚህ ብዙ ሰው የለም። ያላችሁትም የምትደውሉ ዓይነት አይደላችሁም።

እዚህ ደግሞ የዶሜይኑ ክፍያ መድረሱን የሚያስታውስ ኢሜይል ጠበቀኝ።

የዚህን ገጽ አድራሻ በየዓመቱ የሚከፍልልኝ አሜሪካ ያለው ወንድሜ ነው። በእኔ ካርድ ዶላር አይከፈልማ። ወንድሜ ይህ ብሎግ መኖሩ ትዝ የሚለው ሂሳቡ ላይ ሲቀነስ ብቻ ነው። ያኔ ይጽፍልኛል፦ "አንቺ፣ አሁንም ትጽፊያለሽ እንዴ?" አንብቦ አያውቅም። እኔም በብር እመልስልሃለሁ እለዋለሁ። ይህን ማለት ቀላል የነበረው ግን ዶላር 57 ብር ገደማ ሳለ ነው። ሐምሌ 2016 ላይ ብሩ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ፤ አሁንማ አታንሱት። ስለዚህ ዕዳው በበርበሬ ይወራረዳል። ሰው ሲሄድ አንድ ሁለት ኪሎ እልካለሁ። የእኔ ሐሳቦች በዓለም አቀፍ ገበያ ስንት እንደሚያወጡ የማውቀው እንግዲህ በዚህ ነው።

ጓደኛዬ ር. ይህን ስነግራት ትስቃለች። "ዝጊው በቃ" ትለኛለች። "ቴሌግራም ቻናል አለሽ አይደል? እዚያው ጻፊ። ነፃ ነው፣ ሰውም አለ።" እውነቷን ነው፣ ሰው አለ። ቻናሉ ላይ ሁለት መስመር ስጥል ማታውን ልብ ይደረደርልኛል። እዚህ የተጻፈ ነገር ግን ሳምንት ሙሉ ማንም ሳይነካው ሊያድር ይችላል። አንዳንዴ የተነበበ ይመስለኝና ደስ ሲለኝ፣ ያነበብኩት ራሴ ሆኜ እገኛለሁ።

ታዲያ ለምን አልዘጋውም? ይህን ነው ሳስብ የዋልኩት።

መጀመሪያ መጻፍ ስጀምር እኮ ብሎግ አይከፈትም ነበር። ብሎግስፖት እዚህ አገር ከግንቦት 1998 ጀምሮ ተዘግቶ ነበር። ኢንተርኔት ቤት ገብተን፣ በፕሮክሲ አዙረን፣ ገጹ እስኪመጣ ጥፍራችንን እየበላን ነበር የምንለጥፈው። በራሴ አገር በማይከፈት ገጽ ላይ ስለ ራሴ ሰፈር እጽፍ ነበር ማለት ነው። ያውም ስለ ምን? ስለ ዝናብ፣ ስለ ታክሲ ወረፋ፣ ስለ እማማ የድፎ ዳቦ። ሚያዝያ 2006 ስድስቱ የዞን ዘጠኝ ጦማሪዎች ከሦስት ጋዜጠኞች ጋር ሲታሰሩ እማዬ ማታ ክፍሌ ድረስ መጣች። "አንቺም እንደዚህ ትጽፊያለሽ አይደል?" አለችኝ። ስለ ድፎ ዳቦ ነው እማዬ፣ አልኳት። አልተዋጠላትም። "ስለ ዳቦ ጀምረሽ የት እንደምትደርሺ አንቺስ ታውቂዋለሽ?" አለች። ይህንን ዓረፍተ ነገር እስከዛሬ ማንም ሃያሲ አልበለጠውም።

ያኔ ደግሞ ፊደሉ ራሱ ጣጣ ነበረው። የግዕዝ ፊደል ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚጋሩት የፊደል መለያ፣ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ እኛ ሰፈር ኮምፒውተሮች ጋ ለመድረስ ግን ጊዜውን ወሰደ። በድሮው ፎንት የጻፍኳቸው አንዳንድ ነገሮች ዛሬ ሲከፈቱ የላቲን ፊደልና የጥያቄ ምልክት ግርግር ናቸው። አንዱ የፍቅር ደብዳቤ እንደነበር አስታውሳለሁ። አለመነበቡ ለሁላችንም ሳይሻል አይቀርም።

ከዚያ ሁሉም ሰው ፌስቡክ ገባ። እኔም ገባሁ። መጀመሪያ ላይ "ኖትስ" የሚባል ነገር ነበረው፤ ረጅም ጽሑፍ የሚጻፍበት። ምን ያህል ሰው እዚያ ላይ ግጥሙን፣ ልብ ወለዱን፣ የጉዞ ማስታወሻውን እንደጻፈ የዚያ ዘመን ሰዎች ታውቃላችሁ። ጥቅምት 2013 ላይ አዲስ መጻፍም ሆነ የድሮውን ማረም ቀረ። ጓዳው ተዘጋ፣ ሳሎኑ ቀረ። የጉግል ሪደርም ነገር እንደዚያው ነበር። ሰው የሚወዳቸውን ብሎጎች አንድ ቦታ ሰብስቦ የሚያነብበት ነበር፤ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2013 ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ "አዲስ ነገር ጽፋ ይሆን?" ብሎ የሚመጣ ሰው አልቆ፣ ሊንክ ተልኮለት የሚመጣ ሰው ብቻ ቀረ።

የሚያስቀው ግልባጩ ነው። ሰኔ 2010 ላይ ተዘግተው የነበሩ ከ200 በላይ ድረ ገጾችና ብሎጎች ተከፈቱ። ሁላችንም ያኔ ፌስቡክ ላይ ስለነበርን ብሎግ መከፈቱን ያወቅነው ከፌስቡክ ነው። ከዚያ የካቲት 2015 ደግሞ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተዘጉ፤ ወደ አምስት ወር ያህል። ቪፒኤን ጫኝ፣ ቪፒኤን ቀይሪ፣ ባትሪ አለቀ። በዚያ ሁሉ መሃል ይህች ማንም ዞር ብሎ የማያያት ገጽ ክፍት ነበረች። ሊዘጋት ያሰበ አልነበረም። ልኮራ ወይስ ልከፋ እስካሁን አልወሰንኩም።

ግን እኔን የያዘኝ መዘጋት መከፈቱ አይደለም። ፌስቡክ ላይ ስጽፍ የሚመጣው ሰው ሌላ ነው። እሷ ጎበዝ ናት። የመጀመሪያው መስመር መያዝ እንዳለበት ታውቃለች፤ ምክንያቱም ከጥቂት መስመር በኋላ "ተጨማሪ" የሚለው ይመጣል፣ ሰው ደግሞ "ተጨማሪ"ን ለመጫን ጣቱ ይከብደዋል። መጨረሻው ላይ "እናንተስ ምን ትላላችሁ?" ማለት ታውቃለች። ሐሳቧን መሃል ላይ አትቀይርም። ሐሳቧን ከቀየረች ስክሪንሻት አለ። ሁልጊዜ አንድ ነገር እርግጠኛ ናት። የምትጽፈውን ሳነብ አንዳንዴ እቀናባታለሁ፤ እኔ እንደዚያ እርግጠኛ የሆንኩበት ነገር ከሽሮ በስተቀር የለም።

እዚህ ያለችው ሌላ ናት። ትንዛዛለች። በሁለተኛው አንቀጽ ያለችውን በአምስተኛው ታፈርሳለች። ፌስቡክ በየዓመቱ "ትውስታ" ብሎ የሚያሳየኝ ፎቶ አለ፤ እየሳቅኩ ነው። እዚህ መጥቼ በዚያው ሰሞን ምን ጽፌ ነበር ብዬ ሳይ፣ ስለ ኪራይ መጨመርና እንቅልፍ ስለማጣት ነው። ሁለቱም ውሸት አይደሉም። ግን ሁለተኛውን ባልጽፈው ኖሮ ያ ዘመን ጥሩ ነበር ብዬ እምል ነበር።

ታዲያ ይህን ሁሉ ጥልቅ ነገር ስጽፍ ሰው የሚያነበው ምኔን ይመስላችኋል?

ባሕረ ሐሳቡን።

ካስታወሳችሁ አባዬ ባረፈ በዓመቱ የጻፍኩት አንድ ነገር አለ። ጳጉሜን ላይ ሁልጊዜ የሚያደርገውን ነው የጻፍኩት። አባዬ የቤተ ክህነት ሰው አልነበረም፤ ሾፌር ነበር። ግን ከአባቱ የተማረው አንድ ሂሳብ ነበረው፤ ባሕረ ሐሳብ፣ የቤተ ክርስቲያን የዘመን ቆጠራ። የኒያላ ፓኮ ይገነጥልና በጀርባው ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ ይጽፋል። እኔን አጠገቡ አስቀምጦ "አምጪ" ይለኛል። 5500 ላይ ዓመተ ምሕረቱን ደምሪ። የመጣው ዓመተ ዓለም ነው። ለ4 አካፍዪው። ቀሪው 1 ከሆነ ማቴዎስ፣ 2 ከሆነ ማርቆስ፣ 3 ከሆነ ሉቃስ፤ ቀሪ ከሌለ ዮሐንስ። ድርሻው መጠነ ራብዒት ይባላል። እሱን መልሰሽ ዓመተ ዓለሙ ላይ ደምሪና ለ7 አካፍዪ። ቀሪው 1 ከሆነ እንቁጣጣሽ ማክሰኞ ነው፣ 2 ረቡዕ፣ እያለ ይሄዳል፤ ቀሪ ከሌለ ሰኞ።

ለምሳሌ 2018ን ውሰዱ። 7518። ለ4 ሲካፈል 1879 ደርሶ 2 ይተርፋል፤ ማርቆስ። 7518 ላይ 1879 ሲደመር 9397፤ ለ7 ሲካፈል 3 ይተርፋል፤ ሐሙስ። ሐሙስም ነበር። ትክክል ስሆን አባዬ ምንም አይልም። እስክሪብቶውን ብቻ ያቀብለኛል፣ የሚቀጥለውን ዓመት ራሴ እንድሠራ።

ጽሑፉ ስለ እሱ ነበር። ስለ እጁ፣ ስለ ናፍጣው ሽታ፣ የመጨረሻዋን ጳጉሜን ቁጥሩ ጠፍቶት ከ4 እንዴት ወደ 7 እንደሚሄድ እኔን ስለጠየቀኝ። ስጽፈው እያለቀስኩ ነበር። ሰዉ የሚመጣው ግን "የዘንድሮ ዘመን ማን ነው" ብሎ ጉግል ላይ ፈልጎ ነው። በየዓመቱ ነሐሴ ሲጋመስ መምጣት ይጀምራሉ። ጳጉሜን ላይ ጎርፍ ነው። ከሪያድ፣ ከቤሩት፣ ከቴል አቪቭ፣ ከዋሽንግተን። መስከረም 2 ላይ አንድ ሰው የለም። ከዚያ ጾመ ነነዌ ሲቃረብ እንደገና ብቅ ይላሉ። የሚገርመው ፌስቡክ ላይ ስለ አባዬ የለጠፍኩት በሁለት ቀኑ ሞቷል፤ ይሄኛው በየጳጉሜኑ ይነሳል። ያውም ሂሳቡ የእኔ አይደለም። ሊቃውንቱ የእስክንድርያው ቅዱስ ድሜጥሮስ ነው የሚሉት። ስንት ዓመት ስለ ፍቅር፣ ስለ ብቸኝነት፣ ስለ እርጅና ጽፌ፣ ከእኔ የሚቀረው የድሜጥሮስ ማካፈል ነው።

አምና አንዲት ልጅ መልእክት ላከችልኝ። ሰው ቤት ነው የምትሠራው፣ ከአገር ውጭ። "እህቴ በጣም ረጅም ነው። ስልኬን ሳይጠሩኝ በፊት ነው የማየው። ቀኑን ብቻ ብትነግሪን ምን አለበት" ትላለች። መጀመሪያ ተናደድኩ፤ ስለ አባቴ እኮ ነው የጻፍኩት! ትንሽ ቆይቼ ግን ልጅቷ እንቁጣጣሽ መቼ እንደሚውል ለማወቅ የአባቴን ናፍጣ ማሽተት አለባት ወይ ብዬ ራሴን ጠየቅኩ። ቀኑን ነገርኳት። "እግዚአብሔር ይስጥልኝ" አለችኝ፤ የአበባ ምልክትም ጨመረችበት።

ር. መፍትሔው ቀላል ነው ትላለች። መልሱን ከላይ አስቀምጪው፤ 2019 ዘመነ ሉቃስ፣ እንቁጣጣሽ ዓርብ፣ በዓመቱ መጨረሻ ጳጉሜን 6። የፈለገ ይወርዳል፣ ያልፈለገ ይሄዳል። ፌስቡክ ላይ እኮ እንደዚያ ነው የምትጽፊው፣ ትለኛለች። ልክ ናት። ችግሩ እኔም ራሴ እንደማልወርድ አውቃለሁ። መልሱ ከላይ ካለ ማን ይወርዳል?

አሁንም አሁንም ገብቼ ጽሑፉን እከፍተዋለሁ። የመጀመሪያው መስመር "አባዬ ፓኮ ሲገነጥል ድምፁን እወደው ነበር" ይላል። ከእሱ በላይ ዓርብ ብዬ ልጻፍ? ወይስ ያቺ ልጅ ዘንድሮም እስክትጠይቀኝ ልጠብቅ?