ለእናቴ የክትባት ቀን ስመርጥ

ዘንድሮ መስከረም እንደጠባ፣ አሜሪካ የምትኖረው ታላቅ እኅቴ ደውላ፣ «እዚህ የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ተጀምሯል፤ እማንም ዛሬ ነገ ሳትል አስከትባት» አለችኝ። እናታችን 68 ዓመቷ ነው፤ አስም አለባት፤ ቤቷ ደሴ ከጦሳ ተራራ ሥር ስለሆነ ብርዱ በዓመት ውስጥ ብዙ ወር አይለቃትም። መከተብ አለባት ወይስ የለባትም የሚለውን ክርክር ከርሷም ጋር ሆነ እርስ በርሳችን አምና ጨርሰነዋል። የቀረው ጥያቄ «መቼ?» የሚለው ብቻ ነበር፣ እሱም እኅቴ እንዳሰበችው ቀላል ሆኖ አላገኘሁትም።

ቀኑ የሚያሳስብበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛ፣ ክትባቱ እንደተወጋ ወዲያው አይከላከልም፤ ሰውነት የመከላከያ አቅሙን ለመገንባት ሁለት ሳምንት ያህል ይፈልጋል። ሁለተኛ፣ የተገነባው አቅም ከወር ወር እየሳሳ ይሄዳል፣ በተለይ በዕድሜ በገፉ ሰዎች ላይ፤ ስለዚህ ስድስት ወር ያህል እንደሚቆይ አድርጎ ማሰቡ ይሻላል። እኅቴ ባለችበት አገር ጉንፋኑ ከበረዶው ጋር ስለሚመጣ፣ እስከ ፈረንጆቹ ጥቅምት መጨረሻ ተከተቡ፣ አረጋውያን ግን በሐምሌና በነሐሴ አትቸኩሉ ይባላል። ለዚያ አገር ስሌቱ ትክክል ነው። እኛ ደግሞ በካርታ ላይ ከምድር ወገብ በስተሰሜን ብንሆንም የምንኖረው በሐሩር ክልል ነው፤ በዚህ ክልል ኢንፍሉዌንዛ ዓመቱን ሙሉ ሊዘዋወርና ከአንድ ጊዜ በላይ ሊያይል ይችላል። ደሴን የሚያውቅ ሰው እንደሚመሰክረው፣ በህዳርና በታኅሣሥ ውርጩ አለ፣ በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ ጭጋጉ ጦሳን ሸፍኖ ሰው ሁሉ በር ዘግቶ በአንድ ክፍል ይታፈናል። አንዱን መርፌ ለየትኛው ላውለው?

እናቴ መልሱን ያለ ብዙ ማሰብ ሰጠችኝ። «የጉንፋን ወሩ ህዳር ነው፤ ህዳር የሚታጠነውስ ለምን ይመስልሃል?» አለች። ህዳር 12 ቀን ቆሻሻ እየተጠረገ የሚቃጠልበት ልማድ ከ1911 ዓ.ም. የህዳር በሽታ ጋር የተያያዘ መሆኑን ከእናቷ ሰምታዋለች። ያ በሽታ ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ ነበር፤ በወቅቱ አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪ እንኳ ታመው ተርፈዋል። ይሁንና ያን ዓመት ወረርሽኙ በህዳር የበረታው ዓለምን በሙሉ የመታው ሁለተኛው ማዕበል ያኔ ስለደረሰ እንጂ፣ በየዓመቱ የሚመላለሰው ጉንፋን በኛ አገር ወሩን ስለቆረጠ አይደለም። ይህን ስነግራት «ጭሱስ?» ብላ ሳቀችብኝ። (ለጉንፋን ከዳማከሴና ከነጭ ሽንኩርት የሚበልጥ ነገር አለ ብላ አታምንም፤ መርፌውን የምትቀበለው ለልጆቿ ሰላም ስትል ነው።)

ከህዳር በፊት ግን ግሸን አለ። እናቴ ጉልበቷ እስከፈቀደላት ድረስ መስከረም 21 ቀን ግሸን ማርያም ሳትሄድ መቅረትን አታስበውም፤ ታጭቆ በሚሄድ መኪና ተጉዛ፣ ዳገቱን ወጥታ፣ ከየአገሩ ከመጣ ምእመን ጋር ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግታ ታድራለች። ጉንፋን እንዲህ ያለውን ቦታ ይወደዋል። ከዕለቱ ሁለት ሳምንት ወደ ኋላ ስቆጥር መስከረም 7 ቀን ላይ ደረስኩ፣ እኅቴም በስልክ «አየህ!» አለችኝ።

መስከረም 5 ቀን ፒያሳ ወዳለ መድኃኒት ቤት ሄድኩ። ባለመድኃኒቷ ማቀዝቀዣውን ከፍታ ባዶውን መደርደሪያ አሳየችኝ። የዓለም ጤና ድርጅት የክትባቱን ቅንብር በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በየካቲት ለሰሜኑ በመስከረም ደግሞ ለደቡቡ ንፍቀ ክበብ፣ እንደሚወስን፣ ፋብሪካዎችም አምርተው ለማድረስ ስድስት ወር ያህል እንደሚፈጅባቸው አስረዳችኝ። ያለፈው ዓመት ክትባት ጊዜው አልፎበታል፤ አዲሱ ገና ደሴ አልደረሰም። እዚህ አገር በመደበኛው የክትባት ፕሮግራም ውስጥ ስለሌለ፣ የሚጠብቀው ሰው የአስመጪውን ዕቃ ነው የሚጠብቀው። ይህን ሁሉ ለእኅቴ ማስረዳት ከባድ ነበር፤ እርሷ ያለችበት ከተማ ሰው አስቤዛ ሊገዛ ገብቶ ተከትቦ ይወጣል።

ሌላ ቦታ ተሯሩጬ ያልፈለግኩት በአምናው ትምህርት ነው። በ2017 ዓ.ም. ግንቦት ላይ፣ ስሙን ከማልጠራው ሱቅ አንድ ሲሪንጅ ገዝቼ እናቴን አስወጋሁ። ካርቶኑ ላይ የአገልግሎት ማብቂያው የፈረንጆቹ ሰኔ መጨረሻ እንደሆነ ያየሁት ከተወጋች በኋላ ነው፤ በዚያ ላይ መብራት ለሁለት ቀን ጠፍቶ እንደነበር ሻጩ ራሱ ጨዋታ አድርጎ አወራልኝ። ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቆየት አለበት፤ ሞቆ ይሁን በረዶ ሠርቶ መበላሸቱን ደግሞ በዓይን አይቶ መለየት አይቻልም። እናቴ ነሐሴ ላይ አሥር ቀን ተኛች። ጥፋቱ የክትባቱ ይሁን የሌላ ቫይረስ፣ የመረመረ ስለሌለ አልፈርድም። ከዚያ ወዲህ ግን ከቀኑ በፊት ማቀዝቀዣውን አያለሁ።

እናም ግሸን በአፍና አፍንጫ መሸፈኛ ታለፈ። አዲሱ ክትባት ሲገባ ባለመድኃኒቷ ደወለችልኝ፣ ጥቅምት 8 ቀን ቅዳሜ እናቴን ይዤ ሄድኩ። በማቀዝቀዣው ውስጥ ያለው ቴርሞሜትር 5 ይላል። ካርቶኑ ላይ 2025/26 የሚለውን ጣቴን አስደግፌ አነበብኩት። እኅቴ «አራት ዓይነት የኢንፍሉዌንዛ ዝርያ የሚከላከለውን ጠይቅ» ብላኝ ነበር፤ ይህኛው ሦስት ነው። ባለመድኃኒቷ፣ አራተኛው ያማጋታ የሚባለው ዝርያ ከመጋቢት 2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ በዓለም ላይ ስላልታየ ከቅንብሩ እንዲወጣ መመከሩንና ምንም እንዳልጎደለን ነገረችን። «እማማ፣ ክንድዎን ላላ ያድርጉት» አለቻት። እናቴ ነጠላዋን ወደ ግራ ትከሻዋ ሰብስባ ፊቷን ወደ በሩ አዞረች። ማታ ክንዴ ከበደኝ አለች፣ በማግስቱ ቡና ስትወቅጥ አገኘኋት።

በዚህ ስሌት ከጥቅምት 22 ቀን ገደማ ጀምሮ ውርጩንም፣ የጥርን ሰርግም፣ የበልጉን ብርድም አካቶ እስከ ሚያዝያ ይወስዳታል። ክረምቱ ሳይሸፈን ይቀራል፣ ይህን መደበቅ አልፈልግም። የደቡቡ ንፍቀ ክበብ ክትባት በመጋቢትና በሚያዝያ ይወጣል፤ ደሴ ከደረሰ ስለ ሁለተኛ መርፌ ሐኪሟን አማክራለሁ።

ጎረቤታችን እትዬ ግን የእናቴን ቀን መውሰድ የለባቸውም። በመጪው ግንቦት ሐጅ ይሄዳሉ፤ ለማጅራት ገትር የሚሰጠው ግዴታ ክትባት ቢያንስ ከአሥር ቀን በፊት መወሰድ ስላለበት፣ የኢንፍሉዌንዛውንም አብረው ሚያዝያ ላይ ሊወጉ አስበዋል። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ባለመድኃኒቷ የምታስመጣው እስከ ሚያዝያ ቆይቶ እንደማያውቅ ስለነገረችኝ፣ የካቲት ላይ ካገኙት እንዲወስዱት መክሬያቸዋለሁ። ያረገዘችው የወንድሜ ሚስትም መጠበቅ አያስፈልጋትም፤ በየትኛውም የእርግዝና ወር መውሰድ ትችላለች፣ ከስድስት ወር በታች ያለ ሕፃን ራሱ መከተብ ስለማይችል የእናቱ ክትባት ነው የሚጠብቀው።

ከመውጣታችን በፊት ባለመድኃኒቷ በደብተሯ ላይ ስልኬን ከ«መጋቢት» ሥር ጻፈችው። እናቴ ከኋላዬ ሆና፣ «የኔ ልጅ፣ ለግሸን የሚደርስ ከመጣ ነሐሴ ላይም ደውዪለት» አለቻት።