ከጅማ አፈር ጭኜ መጣሁ

ጅማ የሄድኩት የእህቴን ልጅ ለማየት ነው። እናቱ በሶና ጭኮ አሸክማኛለች። ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከወልቂጤ በኋላ እንቅልፍ ወስዶኛል፤ ስለ ግቤ በረሃ ከእኔ ምንም አትጠብቁ። ጠዋት 12 ሰዓት ተነስተን ስምንት ሰዓት ላይ ገባን።

ያደርኩበት ፔንሲዮን ግን አይረሳኝም። ከራስጌዬ ግድግዳ ማዶ ግሮሰሪ አለ። እስከ ሌሊቱ ሰባት ሰዓት ያንኑ ዘፈን ደጋገሙት። ፍራሹ መሃሉ ጎድጉዷል፤ በየትኛውም ጎን ብተኛ ተንከባልዬ እዚያው ነኝ። ውሃ የለም። ጠዋት ደግሞ ባጃጅ ኮንትራት ይዤ 200 ብር ከፈልኩ። ልጁ ሲሰማ ሳቀብኝ።

«ጋሼ፣ በ20 ብር ትመጣ ነበር እኮ።»

እናቱን ነው የወጣው። እሷም የምትመክረኝ ከተበላሁ በኋላ ነው።

የሚማርበት የግብርና ኮሌጅ የዋዛ ዕድሜ የለውም። እ.ኤ.አ. በ1952 በግብርና ትምህርት ቤትነት ተከፍቶ፣ በ1999 ከጤናው ኢንስቲትዩት ጋር ተዋህዶ ነው ጅማ ዩኒቨርሲቲ የተባለው። እኔ ሕንፃ እየዞሩ ማየት አይሆንልኝም። «ጓሯችንን ላሳይህ» ሲለኝ ግን ተከተልኩት።

ተማሪዎቹ ራሳቸው የሚያለሟት፣ የመረብ ኳስ ሜዳ የምታክል ቦታ ናት። ቆስጣ፣ ካሮት፣ ቀይ ሥር፣ የሐበሻ ጎመን። ዳር ዳሩን ጎደሬ። ዩሪያ አይገባም፣ የፋብሪካ መድኃኒት አይረጭም። እኔ አራተኛ ፎቅ በረንዳዬ ላይ አፈር በኬሻ ገዝቼ፣ ዩሪያ በትኜ፣ ዓመቱን ሙሉ አንድ ቀጫጫ ጎመን ነው የማስታምመው። የእነሱን ቅጠል ስፋት ሳይ፣ እውነቱን ልናገር፣ ቀናሁ።

ነገሩ ያለው ብስባሹ ላይ ነው። ጅማ የቡና አገር ናት፤ ቡና ተፈልፍሎ ሲያልቅ ገለፈቱ ይከመራል፣ ብዙ ፈላጊም የለውም። ልጆቹ በነፃ ያመጡታል። «ብቻውን ቶሎ አይበሰብስም፣ ናይትሮጅን ያንሰዋል» አለችኝ እጅጌዋን የሰበሰበች ተማሪ። ስለዚህ እበትና ለምለም ቅጠል እየደራረቡ ይከምሩታል። ጀበና ከሚያፈሉት ሴቶችም አተላ ይሰበስባሉ። እኔ ቤቴ አተላውን ሲንክ ውስጥ እየደፋሁ ለቧንቧ ሠራተኛ እከፍላለሁ።

ከክምሩ መሃል ረጅም እንጨት ተሰክቷል። ልጅቷ መዘዝ አደረገችውና «ይንኩት ጋሼ» አለችኝ። ነካሁት። ፈጅቶኝ እጄን ሰበሰብኩ።

«ትኩስ ከሆነ እየሠራ ነው። ቀዝቅዞ ደርቆ ከወጣ ውሃ ጠምቶታል። ቀዝቅዞ ከረጠበ ታፍኗል፣ ይገለበጣል።»

ቴርሞሜትር የለ፣ ምን የለ። እንጨቱን አሸተትኩት። እበት እበት ይለኛል ብዬ ነበር፤ የጠላ ጥንስስ ነው የሸተተኝ።

ክሽክሽ ለሚሉት ቅጠል መጣጭ ተባይ ነጭ ሽንኩርትና ሚጥሚጣ ዘፍዝፈው፣ ትንሽ ሳሙና ጨምረው ይረጫሉ። የሄድኩት በርጭት ቀን ነው። ነፋሱ ሲዞርብን ክሽክሹ ምን እንደሆነ አላውቅም፣ እኛ ግን በማስነጠስ አለቅን። ጦጣ ደግሞ ሚጥሚጣም አይመልሰውም። ስለዚህ ተራ ወጥቷል፤ «የጦጣ ተረኛ» ይሉታል። የዕለቱ ተረኛ ሃንድአውቱን ጭኑ ላይ፣ ወንጭፉን ጎኑ አድርጎ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ባለፈው የፈተና ሰሞን ይኸው ልጅ ንባብ ይዞት ሄዶ ካሮቱን ጦጣ ጨረሰው አሉ። ማንም አልተቆጣውም። ፈተናውን ኤ አምጥቷል።

ጎመን ልግዛ አልኩ። ሚዛን የላቸውም፣ በእስር ነው። ሁለት እስር 30 ብር፤ ብሩ ለዘር መግዣ ይሆናል። ልጅቷ ሦስተኛ እስር መረቀችልኝ። እኛ ሰፈር ቢሆን ከገዛሁት ላይ ነበር የሚጎድለው።

ልሰናበት ስል ግማሽ ኬሻ ብስባሽ አሸከሙኝ። በማግስቱ መናኸሪያ የአውቶቡሱ ረዳት ኬሻውን ከፈተና እጁን ከተተ።

«ምንድን ነው አባት?»

«አፈር።»

«ከጅማ ሰው ቡና ይጭናል፣ ማር ይጭናል...»

«ለጎመን ነው።»

አንዴ እኔን፣ አንዴ ኬሻውን አየ።

«መቶ ብር።»

«ለአፈር?»

«አፈርም ቢሆን ቦታ ይይዛል።»

ተከራክረን ተከራክረን በ80 ብር ተስማማን።