ረቂቅ የሚያስተምረው

በደብረ ማርቆስም ሆነ በባሕር ዳር ሶሲዮሎጂና የሥርዓተ ፆታ ጥናት የሚማሩ ልጆች በአንድ ኮርስ ውስጥ ደጋግመው ቢጽፉ፣ ጽሑፋቸውም እየታረመ ተመልሶላቸው እንደገና ቢያሻሽሉት፣ ከምርጫ ጥያቄ የበለጠ እንደሚያተርፉ በጽኑ አምናለሁ።

አንዲት ተማሪዬ በመጀመሪያው ረቂቋ የገጠር ሴት የሥራ ጫና እንዳለባት በአንድ ዓረፍተ ነገር ጠቅሳ አልፋ ነበር። የማን ጫና፣ በየትኛው ወር፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት ስል በኅዳጉ ላይ ጠየቅኋት። በሁለተኛው ረቂቅ፣ በነሐሴ አረም ወቅት ዶሮ ሳይጮኽ ተነሥታ እንጀራ የምትጋግረውን፣ ልጇን አዝላ ከባሏ እኩል ጤፍ ስታርም የምትውለውን፣ እሱ አረፍ ሲል ደግሞ እንስራዋን ይዛ ወደ ምንጭ የምትወርደውን ጎረቤቷን አስነበበችን። ክፍሉ ጸጥ ብሎ አዳመጣት።

ሕግም እንዲሁ በኑሮ ሊመረመር ይገባዋል። የ1992 ዓ.ም. የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ዝቅተኛውን የጋብቻ ዕድሜ ለወንድም ለሴትም 18 ዓመት አድርጓል፤ በአማራ ክልል የባልና ሚስት የጋራ መሬትም በይዞታ ደብተሩ ላይ በሁለቱም ስም ይመዘገባል። ተማሪው ይህን ከጻፈ በኋላ መሬቱ ለእኩል አራሽ፣ ማለትም ምርቱን ከባለመሬቱ ጋር እየተካፈለ ለሚያርስ ሰው፣ ሲሰጥ የሚወስነው ማን እንደሆነ መጠየቅ አለበት፤ ብዙዎቹ የሚደክሙትም እዚህ ላይ ነው።

ብዙ ተማሪ ባለበት ክፍል ይህን ሁሉ ማረም ለመምህሩ ከባድ ነው። ስለዚህ አንዱን ረጅም ጽሑፍ በአጫጭር ክፍሎች አስጽፋለሁ፤ የመጀመሪያውንም ረቂቅ ያለ ውጤት፣ ከአስተያየት ጋር ብቻ እመልሳለሁ።